ከፊትዝሮይ ድመት እስከ ስድስት ኪሎ ደቦሎች

ባለፈው ጥቅምት፣ እዚህ ጸደይ በገባበት ሰሞን፣ ከቤታችን ጀርባ ባለችው የዕቃ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ባለቤት የሌላት ድመት ወለደች። በተጠቀለለ አሮጌ ምንጣፍ መሀል አራት ግልገሎች። ልጆቼ ትምህርት ቤት አንሄድም እስኪሉ ድረስ ደስ አላቸው። እኔ ደግሞ መሐንዲስ ነኝና ያየሁትን ነገር ሳልለካ ማለፍ አይሆንልኝም፤ እናቲቱ የተቀመጠላትን ሳርዲን ልትበላ ወጣ ስትል የወጥ ቤቱን ሚዛን ይዤ ገባሁ። 92፣ 98፣ 104 እና 110 ግራም። ባለቤቴ ያንን ሚዛን ከዚያ ወዲያ ለዱቄት አልነካችውም።

ትልቋ ልጄ ቁጥሮቹን በደብተሯ ጽፋ ስታበቃ "አባዬ፣ እኔ ስወለድ ስንት ነበርኩ?" አለችኝ። 3 ኪሎ ከ200 እንደነበረች ነገርኳት። ከዚያ እናቷን "አንቺስ ያኔ ስንት ኪሎ ነበርሽ?" ብላ ጠየቀቻት (መልስ አላገኘችም)። ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ መጣ። "ታዲያ ድመቷ ለምን ትልልቅ ልጆች አልወለደችም? ዓይናቸው እንኳ አልተከፈተም እኮ። ትንሽ ብታቆያቸው አይሻልም ነበር?" በአንድ ዐረፍተ ነገር የምመልሰው መስሎኝ አፌን ከፈትኩ፤ መልሼም ዘጋሁት። ለዚህች ጥያቄ ስል ብዙ ምሽት ሳነብ ከረምኩ።

ወገን በስንት መከራ ተወጥሮ ሳለ አንተ ስለ ድመት ግልገል ትጽፍልናለህ ወይ የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ከፊትዝሮይ ጓሮ ቢጀምርም መድረሻው ስድስት ኪሎ ነው (ሰፈሩን ማለቴ ነው፤ ክብደቱን አይደለም)። ያኔ ሁላችንም የተቆጣንበት፣ ነገር ግን ቢያንስ እኔ በወጉ ያልተረዳሁት አንድ ጉዳይ አለ።

ከድመቷ እንጀምር። አማርኛችን ለእንስሳት ልጆች ስም አይሰስትም፤ የላም ጥጃ፣ የፈረስና የአህያ ውርንጭላ፣ የበግና የፍየል ግልገል፣ የዶሮ ጫጩት፣ የውሻ ቡችላ፣ የአንበሳ ደቦል እንላለን። ለድመት ልጅ ግን ለብቻዋ የወጣ ስም አላውቅም፤ ግልገልን ከበግና ከፍየል ተበድረን እንጠራታለን። ምናልባት ድመት ከቤታችን ብትኖርም ከከብት ተቆጥራ ስለማታውቅ ይሆናል። አይጥ እስካለ ትኖራለች፣ ሲያሻት ትሄዳለች። "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" የሚለው ተረትም ሳይንሱን የቀደመ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት የወጣ የዘረ መል ጥናት የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ ከቅርብ ምሥራቅ የዱር ድመት የወረዱ መሆናቸውን አሳይቷል። የዚያችው ዝርያ የሆነች የዱር ድመት በአፍሪካ በሰፊው ትኖራለች፤ በእኛም አገር አለች። እግሯ ረዘም፣ የጆሮዋ ጀርባ ቀላ ያለ፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር ነው። ብዙ ሰው ከጥርኝ ጋር ያምታታታል፤ ጥርኝ ግን ከነዝባዷ የድመት ቤተሰብ አይደለችም። አነርና ደልጋ አንበሳ ናቸው የድመት ዘመዶች፤ ከነብር፣ ከአቦ ሸማኔና ከአንበሳ ጋር።

ይህ ሁሉ ቤተሰብ በአንድ ነገር ይመሳሰላል። ልጆቹ ትንንሽ ናቸው። ትንሽ ስል ከእናቲቱ ክብደት አንጻር ነው። የእኛዋ ድመት በኋላ ሐኪም ቤት ስትመዘን 3 ኪሎ ከ400 ሆናለች፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ግልገል ከእናቱ 3 በመቶ ያህል ነበር። አንበሳ ከዚህም ያንሳል። 130 ኪሎ የምትመዝን እንስት አንበሳ የምትወልደው ደቦል 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ ከ1 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። ከዚህ ጋር ሌሎቹን አስተያዩ። የፈረስ ውርንጭላ የእናቱን 10 በመቶ ያህል ይሆናል። የቀጭኔ ልጅ 60 ኪሎ ያህል ሆኖ ከሰው ቁመት በልጦ ይወለዳል። የሰው ልጅ ከ5 እስከ 6 በመቶ አካባቢ ነው። በተቃራኒው ደግሞ 100 ኪሎ የምትሆነው የቻይናዋ ፓንዳ የምትወልደው ልጅ በእኛ ቆርቆሮ ቤት ከተወለዱት ግልገሎች ጋር እኩል ነው፤ 100 ግራም።

ግን እስከ ቻይና መሄድ አያስፈልግም። በፊትዝሮይ አንድ ምሽት ውጭ መቀመጥ ይበቃል። ጨለም ሲል በአጥራችን ላይ ፖሰም የሚሉት እንስሳ ይመጣል። ለማያውቀው አንባቢ፦ ድመት የሚያክል፣ ጅራተ ጎፍላ፣ ዛፍ ላይ የሚኖር፣ እንደ ካንጋሮ ልጁን በሆዱ ኪስ የሚያሳድግ የአገሬው እንስሳ ነው። ሕግ ይጠብቀዋል፤ ጣሪያህ ውስጥ ገብቶ ሲረግጥ ቢያድር እንኳ አጥምደህ ከ50 ሜትር ርቀህ መልቀቅ አይፈቀድልህም። ይህች ፖሰም ከእኛዋ ድመት ጋር በክብደት ብትቀራረብም ልጇን የምታረግዘው ለ17 ወይም ለ18 ቀን ብቻ ነው። ሲወለድ 0.2 ግራም ያህል ነው፤ አንዲት የሽምብራ ፍሬ በሉት። ከድመት ግልገል 500 ጊዜ ያንሳል። ራቁቱን፣ ዓይን ሳይኖረው፣ በፊት እግሮቹ ጸጉሯን እየጨበጠ ወደ ኪሷ ይወጣና ጡት ይዞ አራት አምስት ወር እዚያው ይቆያል። ትልቁ ቀይ ካንጋሮ እንኳ ሲወለድ 1 ግራም አይሞላም።

በዚያው ምሽት ቀና ብትሉ ደግሞ ሌላ እናት ታልፋለች። በበጋ ማታ ከያራ ቤንድ የሚነሱት ታላላቅ የሌሊት ወፎች በእኛ ጣሪያ ላይ አልፈው ፍሬና አበባ ፍለጋ ይበራሉ። (በ2003 እ.ኤ.አ. ከከተማው የዕፅዋት ማዕከል ተባርረው ነው ወደ ያራ ቤንድ የገቡት። የስደት ታሪክ አላቸው ማለት ነው።) የዚህች የሌሊት ወፍ ክብደት 700 ግራም ገደማ ነው፤ የምትወልደው ግን 80 ግራም የሚመዝን፣ ጸጉር ያበቀለ፣ ዓይኑ የተገለጠ አንድ ልጅ ነው። ከድመት አምስት እጅ የምታንስ እናት የድመት ግልገል የሚያክል ልጅ ትወልዳለች። አጥር ላይ ሁለት፣ ሰማይ ላይ አንድ፤ ሦስቱም ጡት አጥቢዎች ናቸው፤ ሦስቱም የተለያየ ስሌት ይዘዋል።

ስሌቱ ምንድን ነው? እኔ የገባኝ በቤት ብድር ቋንቋ ነው፤ ፊትዝሮይ ውስጥ የሚኖር ሰው ሌላ ቋንቋ የለውም። እያንዳንዷ እናት አንድን ልጅ ለማሳደግ የምትከፍለው ዋጋ አለ። ጥያቄው ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉን በቅድሚያ፣ በማኅፀን፣ ትክፈል፣ ምን ያህሉን ደግሞ ቀስ በቀስ በወተት ትክፈል ነው። የልጁ የውልደት ክብደት ያ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ፖሰምና ካንጋሮ ቅድሚያ የሚከፍሉት ከምንም የማይቆጠር ነው፤ ቀሪው በሙሉ በወተት ነው። ይህም የራሱ ጥበብ አለው። ድርቅ ሲመታ የካንጋሮዋ ወተት ይደርቃል፣ በኪሷ ያለው ልጅ ይሞታል፤ ዝናብ ሲመለስ ግን በማኅፀኗ እድገቱን አቁሞ ሲጠብቅ የቆየ ሌላ ጽንስ ይቀጥላል። ጨካኝ ይመስላል። ነገር ግን ዝናብ በማይታመንበት አገር ትልቅ ቅድሚያ ከፍሎ ከመክሰር ይሻላል።

ሌሎቹ ለምን ብዙ ይከፍላሉ? መሸሸጊያ ስለሌላቸው ነው። የሜዳ አህያ የምትወልደው በገላጣ መስክ፣ ጅብና አንበሳ በሚዞሩበት ነው፤ ውርንጭላዋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቆማ ካልሮጠች አበቃላት። የሌሊት ወፏም ልጇን የምትደብቅበት ጎጆ የላትም፤ በደረቷ አንጠልጥላ ነው የምትበረው፤ ስለዚህ መጨበጥ የሚችል ልጅ ያስፈልጋታል። በዚህ ረገድ ደስ የሚለኝ ምሳሌ ጥንቸል ነው። እኛ በአገራችን ጥንቸል የምንለው የዱሩ እንስሳ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ በሣር መሀል ነው የሚወልደው፤ ልጁም ጸጉር አልብሶ፣ ዓይን ከፍቶ ይወጣል። በ1859 እ.ኤ.አ. ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለርስት ለአደን ብሎ እዚሁ ቪክቶሪያ ውስጥ የለቀቀው፣ በኋላም አህጉሩን የወረረው የአውሮፓ ጥንቸል ግን ሌላ እንስሳ ነው። ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ልጆቹም ራቁታቸውን፣ ዕውር ሆነው ይወለዳሉ። በአማርኛ ስማቸው አንድ፣ መልካቸውም ቅርብ ነው። የለያያቸው ጉድጓዱ ነው።

ድመትና አንበሳ ከጉድጓድ ወገን ናቸው፤ ልጅ መደበቅ ያውቃሉ። በዚያ ላይ ሌላ ምክንያት አለባቸው። እርጉዝ ላም ሆዷ ቢከብድ ሣሩ አይሸሻትም። የድመት ምሳ ግን ይሸሻል። አድፍጦ፣ ዘሎ፣ ተወርውሮ የሚበላ እንስሳ ከባድ ሆድ ይዞ ብዙ ቀን መቆየት አይችልም። ስለዚህ ድመት በ9 ሳምንት፣ አንበሳ በ110 ቀን ገደማ ትገላገላለች፤ ያልተጠናቀቀውን ሥራ በዋሻና በቁጥቋጦ ውስጥ በወተት ትጨርሰዋለች። የልጄ "ትንሽ ብታቆያቸው" ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ብታቆያቸው ትራባለች።

ጅብን ሳላነሳ ባልፍ ሐረሮች ይቀየሙኛል። ጅብ ውሻ ቢመስልም በዘሩ ለድመት ይቀርባል። የእርግዝናው ጊዜ እንደ አንበሳ 110 ቀን ገደማ ነው፤ ልጁም እንደ ደቦል 1 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። እናቲቱ ግን የአንበሳን ግማሽ ብታክል ነው! የጅብ ልጅ ዓይኑ ተከፍቶ፣ ጥርሱ በቅሎ ይወለዳል፤ ከዚያም ከአንድ ዓመት በላይ ይጠባል። በቅድሚያም በወተትም ጅብ ከአንበሳ የበለጠ ትከፍላለች። በተረታችን ሆዳም እያልን ስንሰድበው የኖርነው እንስሳ በልጅ ነገር ለጋስ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ትንሽ ቅድሚያ የሚከፍል እናት ኪሳራን አስባ ነው የምትከፍለው። አንበሳ በዱር ከሚወለዱላት ደቦሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ረኀብ አለ፣ ጅብ አለ፤ ከሁሉም በላይ መንጋውን በጉልበት የሚነጥቅ አዲስ ወንድ ሲመጣ ያገኛቸውን ደቦሎች ይገድላል። ለአቦ ሸማኔ ደግሞ የባሰ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በሴሬንጌቲ ሜዳ በተደረገ ክትትል ከ20 ግልገሎች እናታቸውን ተሰናብተው ለራሳቸው የቆሙት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ብዙዎቹን የጨረሳቸው አንበሳ ነው። ተፈጥሮ ለዚህ ያዘጋጀችው መልስ ቀላል ነው። ደቦሎቿን ያጣች አንበሳ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ እንደገና ወንድ ትፈልጋለች። ደቦሎቿ ካሉ ግን ሁለት ዓመት ያህል ትቆያለች።

ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 የዓለም ዜና ማሰራጫዎች ስለ አዲስ አበባ አንበሶች አንድ ዜና አወጡ። በ1948 እ.ኤ.አ. አፄ ኃይለ ሥላሴ በስድስት ኪሎ ያቋቋሙት የአንበሳ ግቢ ለማኖሪያ ቦታና ለቀለብ የሚሆን ገንዘብ ስላጠረው ደቦሎችን በመርዝ እየገደለ፣ ቆዳቸውን ሞልተው ለሚሸጡ ነጋዴዎች ይሸጥ እንደነበር የግቢው ኃላፊ ራሳቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። የአንዱ ዋጋ 170 ዶላር ገደማ ነበር።

ያኔ 26 ዓመቴ ነበር። እዚሁ ፊትዝሮይ፣ ብራንዝዊክ ጎዳና ዳር ከሚታዩት የአዘርተን ጋርደንስ ፎቆች በአንዱ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እኖር ነበር፤ ዜናውን ያነበብነው በአንድ ኮምፒውተር ተደራርበን ነው። በነገራችን ላይ ፊትዝሮይ ራሱ የአንበሳ ሰፈር ነበር። የፊትዝሮይ እግር ኳስ ክለብ ቅጽል ስሙ "አንበሶች" ነበር፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ገንዘብ አልቆበት ከብሪዝበን ክለብ ጋር ሲዋሐድ ስሙም አንበሳውም ወደ ሰሜን ሄደ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ይቆጫሉ። የእኛ ቁጭት ግን ሌላ ነበር። አንበሳ በባንዲራችን፣ በዙፋናችን፣ በሳንቲማችን፣ በአውቶቡሳችን ላይ ሳይቀር ነበረና! እኔም አንድ ረጅም የቁጣ ደብዳቤ ጽፌ ለማውቃቸው ሁሉ በኢሜይል በተንኩ። በቅርቡ ፈልጌ አነበብኩት። ስለ መንግሥት አለበት፣ ስለ ድህነት አለበት፣ ስለ ታሪክና ስለ ክብር አለበት። ስለ አንበሳ ግን አንድ ቃል የለበትም። ሁሉም ስለ እኛ ነው።

ስለ አንበሳ ብጽፍ ኖሮ ስሌቱ ይህን ይመስል ነበር። አንዲት አንበሳ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በየሁለት ዓመቱ ሁለት ወይም ሦስት ብትወልድ፣ በዕድሜዋ 12 ደቦል እንበል። የአንበሳ ቁጥር ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲቆይ ከ12ቱ ሁለቱ ብቻ ለወግ ለማዕረግ መብቃት አለባቸው። አሥሩን ዱር ይወስዳቸዋል። አሁን አንበሳዋን ግቢ አስገቧት፤ ሥጋ ስጧት፣ ጅቡን አስወጡ፣ ወራሪውን ወንድ ከልክሉ። በአንድ እጃችን ሞትን አስወጥተን ውልደትን ግን እንደነበረ ተውነው ማለት ነው። አሥሩ ደቦሎች የት ይሂዱ? ይህ ጥያቄ ግቢው በተከፈተ ቀን ነበር መጠየቅ የነበረበት።

የባሰው ደግሞ መግደሉ መፍትሔ አለመሆኑ ነው። እኔ የውኃ መሐንዲስ ነኝና በውኃ ልግለጸው። ከሽንት ቤት መቀመጫ ጀርባ ያለችውን የውኃ ሣጥን ክዳን አንሥታችሁ ብታዩ ተንሳፋፊ ኳስ አለች። ውኃው ሲጎድል ኳሷ ትወርዳለች፤ ኳሷ ስትወርድ ቧንቧው ይከፈታል። ውኃው በዛ ብሎ በጣሳ የሚጨልፍ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢጨልፍ ቧንቧውን ክፍት ከማድረግ በቀር የሚያተርፈው የለም። ወንድና ሴት አንበሳ አብረው እስከዋሉ ድረስ ደቦልን ከእናቱ ወስዶ መግደል ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ትቆይ የነበረችው እናት በሳምንታት ውስጥ ወንድ ትፈልጋለች፤ ከአራት ወር በኋላ ሌላ ሦስት ደቦል። የግቢ ጠባቂው ሳያውቀው የዚያን ወራሪ ወንድ አንበሳ ሥራ እየሠራለት ነው።

የድህነት ነገር ነው እንዳንል ደግሞ ኮፐንሃገን አለች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 የኮፐንሃገን መካነ እንስሳት፣ ማሪየስ የተባለውን ቀጭኔ ገድሎ ዓለምን ካስቆጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሁለት ያረጁ አንበሶችና ሁለት ልጆቻቸውን ገደለ። ምክንያቱ አዲስ ወንድ አንበሳ ሊገባ ስለነበር ነው፤ እሱ ገብቶ ደቦሎቹን ከሚገድላቸው እኛ እንግደላቸው አሉ። ልዩነቱ የኮፐንሃገኑ አስቀድሞ የታሰበበት፣ በግልጽም የሚከራከሩበት መሆኑ ነው። እንስሳው ይውለድ፣ ልጁን ያሳድግ፤ ትርፉን ደግሞ እንቀንሳለን የሚል አቋም አላቸው። እኔ አልስማማበትም፤ ግን አቋም ነው። ሌሎች ብዙ መካነ እንስሳት ቧንቧውን መዝጋት ይመርጣሉ። ወንድና ሴት ለይቶ ማኖር፣ ወይም ከቆዳ ሥር የሚቀበር የሆርሞን ፍሬ መጠቀም ይቻላል። ከእነዚህ ፍሬዎች አንዱ እዚሁ አውስትራሊያ ውስጥ የተፈለሰፈ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንበሳ የዓመት ቀለብ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

የስድስት ኪሎውን ነገር የበለጠ መራራ የሚያደርገው ከስድስት ዓመት በኋላ የታወቀው ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረ መል ጥናት የግቢውን 15 አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች ጋር አወዳድሮ የተለዩ ሆነው አገኛቸው። መሥራቾቹ ሰባት ብቻ ነበሩ፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት። ከሁለት እናቶች የሚጀምር ዘር ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ዘር ውስጥ የትኛው ደቦል ይትረፍ የሚለው ውሳኔ በየዓመቱ በጥናት የሚወሰን፣ በመዝገብ የሚያዝ ጉዳይ እንጂ በጀት ሲያልቅ የሚወሰን አልነበረም። ገንዘብ ለመላክ ዝግጁ የነበርን ሰዎች በዚያ ዘመን ብዙ ነበርን። ምን ብለን እንደምንጠይቅ ግን አላወቅንም፤ "አትግደሉ" ብቻ አልን። "ለዩአቸው" ያለ አላስታውስም።

የልጅ ትንሽነት ሌላም ጣጣ አለው፤ ይሰረቃል። የቀጭኔ ልጅ ጉያ ውስጥ አይገባም። የአቦ ሸማኔ ግልገል ግን እናቱ ለአደን ስትሄድ በቁጥቋጦ ሥር ብቻውን የሚቆይ፣ በካርቶን ሊያዝ የሚችል ነው። ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከአካባቢው እየተያዙ በሶማሌላንድ በኩል ባሕር ተሻግረው ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ሀብታሞች የሚሸጡት ግልገሎች ጉዳይ የታወቀ ነው። ሶማሌላንድ ውስጥ የተያዙትን የሚያሳድግ ማዕከል አለ፤ በእኛም አገር ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሆለታ አካባቢ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ያቋቋመው "እንሰሳ ኮቴ" የተያዙ አቦ ሸማኔዎችና አንበሶች የሚጠለሉበት ነው። ከእናቱ አደን ሳይማር የተወሰደ ግልገል ወደ ዱር መመለስ እጅግ ከባድ ስለሆነ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በአጥር ውስጥ ይጨርሳሉ።

አውስትራሊያ ደግሞ የዚሁ ስሌት ሌላ ገጽ ናት። ድመት እዚህ የገባችው በ1788 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ መርከቦች ጋር ነው። የሚቀንሷት ጠላቶቿ ባሕር ማዶ ቀሩ፤ ብዙ የመውለድ ልማዷ ግን አብሯት መጣ። ዛሬ ሰው ሳይቀልባቸው በዱር የሚኖሩት ድመቶች እንደ ዝናቡ መጠን ከ2.1 እስከ 6.3 ሚሊዮን ይገመታሉ። ከ35 ግራም እስከ 5.5 ኪሎ የሚመዝኑት የአገሬው ጡት አጥቢዎች ከሌሎቹ የበለጠ የተመቱ ሲሆን፣ ከጠፉት ብዙዎቹ በድመትና በቀበሮ ያለቁ ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. መንግሥት በአምስት ዓመት ውስጥ 2 ሚሊዮን የዱር ድመት ለመግደል አቀደ። በዚያው ዓመት ከታዝማኒያ የወጣ አንድ ጥናት ግን በደቡባዊው ጫካ ጥቂት ጥቂት ድመት እየተያዘ በተወገደባቸው ቦታዎች የድመት ቁጥር ከመቀነስ ይልቅ መጨመሩን አሳየ፤ የነበረው ሲነሣ ከጎረቤት ሌላው ይገባል። አሁንም ጣሳና ቧንቧ። በአጥር በተከለለ ሰፊ መሬትና በደሴት ላይ ግን ጨርሶ ማጥፋት ስለሚቻል ውጤት ታይቷል።

እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ ሳነብ አራቱ ግልገሎች እያደጉ ነበር። የእንስሳት መጠለያ ስደውል ጸደይ ላይ ሁሉም ስለሚወልዱ ቦታ እንደሌላቸው፣ ባመጣቸው ግን ለሁሉም ቤት ይገኛል ብለው ቃል እንደማይገቡልኝ ነገሩኝ። ቅንነታቸውን ወደድኩት። ቤት ገብቼ ለልጆቼ ስናገር ታናሹ "ይገድሏቸዋል ማለት ነው?" አለኝ፤ ያ የ2006 ኮምፒውተር ትዝ አለኝ። ስምንት ሳምንት እኛው ዘንድ እንዲቆዩ ወሰንን። ልጄ በየእሑዱ መዘነቻቸው፤ በስምንተኛው ሳምንት 780፣ 845፣ 860 እና 910 ግራም ደረሱ። ሁለቱን ኢትዮጵያውያን ወዳጆቻችን ወሰዱ፤ አንዱን ከአዘርተን ጋርደንስ አንዲት ቬትናማዊት እናት ለልጅ ልጃቸው ወሰዱ፤ አንዱ ቀረ። ሁሉንም ሲደርሱ አስመክኑ ብዬ ቃል አስገብቻለሁ፤ አንዱ ወዳጄ "ምን ነካህ፣ ድመት ናት እኮ!" ብሎ ስቆብኝ ነበር፤ ይህን ጽሑፍ ልኬለታለሁ።

እናቲቱን ሐኪም ቤት ወስደን እንዳትወልድ አስደረግናት፤ ሕጉ እንደሚያዘው ማይክሮቺፕ አስገብተን አስመዘገብናት። መጀመሪያ ላይ ቤት ውስጥ መዋል አልወደደችም ነበር። አሁን ሲመሽ በመስኮቱ ደፍ ላይ ትቀመጣለች፤ በዚያ ሰዓት ፖሰሟ ልጇን በጀርባዋ አዝላ በአጥሩ ላይ ታልፋለች። ሁለቱ በመስታወት ለጥቂት ደቂቃ ይተያያሉ። ባለፈው ታኅሣሥ ልጄ ይህን አይታ "አባዬ፣ የታዘለው አሁን ስንት ይመዝን ይሆን?" ስትለኝ፣ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ሁለታችንንም ቀደመችን፤ "ሚዛኑን እንዳትነኩት!"